ከላሟ እስከ ከረጢቱ፦ የጋምቤላ ሕፃን የመጀመሪያ ምግብ ታሪክ

አንድ ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ሰውነቱ ውስጥ ያለው ሒሳብ መጉደል ይጀምራል። በእናቱ ማሕፀን ሳለ ያጠራቀመው የብረት ማዕድን እያለቀ ነው፤ የጡት ወተት ደግሞ ብዙ ነገር ቢኖረውም ብረቱ ጥቂት ነው። ጉልበትም ቢሆን ከዚህ በኋላ በጡት ብቻ አይዘለቅም። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለ ልጅ ከጡት በተጨማሪ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል፤ ዓመት ካለፈው ወደ 550 ይጠጋል። ስለዚህ ማንኪያ ይመጣል። ማንኪያዋ ላይ ምን ይቀመጥ የሚለው ግን ነገሥታትን፣ ጦርነትን፣ ላምንና የስዊድን ሳይንቲስቶችን ሳይቀር የነካ ታሪክ አለው። እኛ ታሪኩን ከጋምቤላ እንጀምረው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ጋምቤላ? አንድ ቁጥር እንይ። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ልጆች 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ ነበሩ። ጤፍና ስንዴ በሚታፈስበት በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 በመቶ ነበር። ወባ በማይለይበት፣ መንገድ ዘግይቶ በደረሰበት፣ ባሮ በየክረምቱ በሚሞላበት በጋምቤላስ? 24 በመቶ። እህል አምራቹ አካባቢ የቀነጨረው፣ «ሩቅና ችግረኛ» የምንለው ደግሞ የተሻለው ለምንድን ነው?

እዚህ ጋ ቶሎ ብላችሁ «ዘር ነው፤ ኑዌሮች ረጃጅም ናቸው» እንዳትሉ። የሰውነት ቅርጽ የራሱ ድርሻ እንዳለው አይካድም። በዚያው ጥናት የጋምቤላ ልጆች መቀጨጭ፣ ማለትም ለቁመት ክብደት ማነስ፣ 14 በመቶ ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ 10። ረጅም እግርና ቀጭን አካል ያላቸው የአርብቶ አደር ልጆች በክብደትና በቁመት ሲለኩ ከእውነታው በላይ የከሱ መስለው እንደሚታዩ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ነገር ግን በትንንሽ ልጆች ዕድገት ላይ ከትውልድ ሐረግ ይልቅ ምግብና በሽታ እንደሚበረቱ በብዙ አገር ታይቷል። እኔ ስለዚህ መጀመሪያ የምመለከተው ማንኪያዋን ነው።

እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ ከኑዌሮች መካከል ኖሮ በ1940 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። የሠራው በአብዛኛው በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ቢሆንም ሕዝቡ ድንበር የሚያውቅ አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ የኑዌር ዓመት በሦስት ነገር ላይ ይቆማል፦ ወተት፣ ማሽላና ዓሣ። ክረምት ሲሆን ሰው ከፍ ባለው መንደር ሆኖ ማሽላውን ይዘራል፤ በጋ ሲመጣ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳል፤ ውሃው ሲጎድል ዓሣ ይበረክታል። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል። ሦስቱም አብረው የሚጎድሉበት ወር ሲመጣ ግን ረሃብ ነው፤ ያም ይመጣ ነበር።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ ከጻፋቸው ነገሮች አንዷ ለጉዳያችን ቁልፍ ናት። ለአቅመ አዳም ሲደርስ ግንባሩ ላይ ስድስት መስመር የተቀደደለት ወንድ ላም ማለብ ክልክል ነው። የሚያልቡት ሴቶች፣ ልጃገረዶችና ገና ያልተቀደዱ ወንድ ልጆች ናቸው። እስኪ አስቡት፦ ከብቱ የአባት ነው፣ የወተት ቅሉ ግን በእናት እጅ ነው። ይህ ደንብ ለሕፃናት ተብሎ ወጣ ማለቴ አይደለም። ውጤቱ ግን የመጀመሪያው ወተት ከሕፃኑ አፍ እንዳይርቅ ያደረገ ይመስለኛል።

አኙዋኮች ዘንድ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ከብታቸው ጥቂት ነው፤ ባሮ፣ ጊሎና አኮቦ ወንዞች ዳር ማሽላና በቆሎ ያርሳሉ፤ ወንዙ ደግሞ ዓሣ ይሰጣል፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ናይል ፐርች። ዓሣ ደርቆ ተወቅጦ ገንፎ ላይ ሲነሰነስ ለሕፃን ፕሮቲን፣ ዚንክና የሚዋሃድ ብረት ይጨምራል፤ አጥንቱ አብሮ ከደቀቀ ካልሲየምም አለው። በጫካው በኩል ያሉት መዠንገሮች በሥራ ሥርና በማር ይታወቃሉ። (ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል፤ የሕፃን አንጀት ደግሞ ገና አይከላከለውም።)

አሁን ወደ ደጋው ዞር እንበል። አጥሚት፣ ገንፎ፣ የሽሮ ፍትፍት፤ ብዙዎቻችሁ በእነዚህ ነው ያደጋችሁት። እህሉ አለ፤ የሚጎድለው ከእንስሳት የሚገኘው ነው። ላም ያለው ቤት እንኳ ቅቤውን ገበያ ያወጣዋል። ጾምም አለ። ሕፃናት ከጾም ነፃ ናቸው፤ ይሁንና ቤቱ ሲጾም ድስቱም አብሮ ይጾማል፤ ለአንድ ልጅ ብሎ እንቁላል የሚጠብስ፣ ዕቃ የሚለይ ብዙ አይደለም። ስለዚህ 46 እና 24 የሚሉት ቁጥሮች መካከል ወተትና ዓሣ ቆመዋል ብዬ እገምታለሁ። ብቻቸውን ግን አይደሉም፤ የእርሻ መሬት መጥበብ፣ ንጹሕ ውሃ፣ የእናት ጤና ሁሉ አሉበት።

የወተትን ነገር ሳይንስ የተማረው በከባድ መንገድ ነው። በ1930ዎቹ ሲስሊ ዊሊያምስ የምትባል ሐኪም በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ሆዳቸውና እግራቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የቀላ፣ ቆዳቸው የተላጠ ሕፃናትን ታይ ነበር። እናቶቹ ለበሽታው በጋ ቋንቋ ስም ነበራቸው፦ ክዋሽዮርኮር። ተከታዩ ሲወለድ ከቦታው የተነሣውን ልጅ የሚይዝ በሽታ እንደ ማለት ነው። ከጡት የወረደው ልጅ የሚያገኘው የበቆሎ ገንፎ ብቻ ነበር። ዊሊያምስ ስሙን በ1935 በሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመችው፤ ዛሬም የዓለም ሐኪም ሁሉ የሚጠራው በእነዚያ እናቶች ቃል ነው።

ሀብታሙ ዓለምም ቢሆን ጥበበኛ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ በ1928 ጀርበር የተባለው ኩባንያ የተፈጨ የሕፃናት ምግብ በጣሳ መሸጥ ከጀመረ በኋላ ማንኪያው ወደ ፊት እየተጠጋ መጣ። በ1962 አንድ የአሜሪካ ሐኪም ገንፎ ከተወለዱ ከሁለትና ከሦስት ቀን ጀምሮ ይሰጥ ብሎ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሰ! የእኛዋ እናት ለጨቅላዋ ቅቤ ስታስልስ «ኋላ ቀር» የተባለችው በዚያው ዘመን ነው። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የዓለም ጤና ጉባኤ ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ብሎ የቆረጠው በ2001 ነው፤ ከዚያ በፊት ምክሩ «ከአራት እስከ ስድስት ወር» ነበር።

በዚያው በ1962 አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ነገር ተጀመረ። የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የሕፃናት አመጋገብን የሚያጠና ክፍል አቋቋሙ፤ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ይህ ነው። ክፍሉ ካወጣቸው ነገሮች ሁሉ ስሙ የቀረው ፋፋ ነው። ስንዴ፣ ጥራጥሬ፣ አኩሪ አተር፣ የዱቄት ወተት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተቀላቅሎ በፓኬት የሚሸጥ ዱቄት ነው። ስሙም ያምራል፤ ልጁ ፋፋ፣ ወፈረ፣ አማረበት። ሐሳቡ ብልህ ነበር፦ እህልና ጥራጥሬ አንዱ የሌላውን የፕሮቲን ጉድለት ይሞላሉ፤ ወተቱ ደግሞ ላይ ይጨመራል። ችግሩ ገበያው ነው። ፓኬት የሚገዛው ደመወዝ ያለው ከተሜ ነው። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ትልቁ ገዢ እናት ሳትሆን የእርዳታ ድርጅት ሆነ፤ ለእርዳታ ተብሎ የሚዘጋጀው ፋሚክስ የተባለው ቅልቅል ዱቄትም ተከተለ። የሕፃን ምግብ በከረጢት መጓዝ የለመደው ያኔ ነው።

ከረጢቱ ጋምቤላ የደረሰው በጦርነት ነው። በ1983 የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ዳግም ሲነሣ ኢታንግ ላይ የተከፈተው ካምፕ እያደገ ሄዶ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ሆነ፤ በ1991 ደርግ ሲወድቅ በቀናት ውስጥ ባዶውን ቀረ። በታኅሣሥ 2013 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ውጊያ ሲፈነዳ ደግሞ እናቶች ልጅ አዝለው ባሮንና አኮቦን ተሻገሩ። ሌችዎር ካምፕ በ2014 ጎርፍ ዋጠው፤ ኩሌ፣ ቲየርኪዲ፣ ጄዊ፣ ንጉኒየል እየተከታተሉ ተከፈቱ። ክልሉ ውስጥ ያለው ስደተኛ ከ300 ሺህ በላይ ሆነ፤ ከነባሩ ሕዝብ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው።

እነዚህ እናቶች ሲሻገሩ ላሟ አልተሻገረችም። ተዘርፋለች፣ ሞታለች ወይም ከባል ጋር ወዲያ ቀርታለች። በጋ ሲሆን ተነሥቶ ወደ ወንዝ መውረድም የለም። ለዘመናት አንዱ ሲጎድል ሌላው የሚሞላበት የወተት፣ የማሽላና የዓሣ ዙር ተበጥሶ በቦታው ማሽላ ወይም በቆሎ፣ ጥቂት አተር፣ ዘይትና ጨው፣ ለሕፃናት ደግሞ የበቆሎና አኩሪ አተር ቅልቅል ዱቄት ተተካ።

የዚህ ቅልቅል ዱቄት ታሪክ ራሱ ያስገርማል። አሜሪካ በ1960ዎቹ ለእርዳታ ስታዘጋጀው በቆሎ፣ አኩሪ አተርና ወተት ነበር። ወተት ሲወደድ ወተቱ ወጣና በቆሎና አኩሪ አተሩ ቀረ። ለአሥርተ ዓመታት የተራቡ ሕፃናት ይህንኑ በሉ። በ2010 አካባቢ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ልጆች አሻሽሎ ሲያዘጋጀው ምን ጨመረ? የዱቄት ወተት፣ ዘይትና ስኳር። ወተቱ ተመለሰ ማለት ነው። የኑዌር እናት ይህን ብትሰማ ትስቅ ነበር።

ግን ቆዩ፤ ምን እንዳለው ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደወፈረም ጉዳይ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የውሃ ብርጭቆ ገደማ፣ 240 ግራም ያህል ነው። መቶ ግራም ገንፎ ውስጥ 10 ግራም ዱቄት ብቻ ካለ የሚገኘው ጉልበት 35 ኪሎ ካሎሪ ነው። ለዚያ 200 ኪሎ ካሎሪ ልጁ 570 ግራም መብላት አለበት፤ ከሁለት ሆድ በላይ፣ ያውም በጡት መካከል። ዱቄቱን እጥፍ ብናደርገውስ? ቁጥሩ ይስተካከላል፤ ገንፎው ግን እንደ ጭቃ ይጠነክርና ጥርስ የሌለው ልጅ አይውጠውም። የስታርች ቅንጣት ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ውሃውን መጥጦ ስለሚያብጥ ነው። እናቲቱ ታዲያ ውሃ ትጨምራለች። ልጁ ሆዱ ሞልቶ ይራባል።

ለዚህ መፍትሔው ከጠላ ጋን አጠገብ ነው። ብቅል! እህል ሲበቅል አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ይፈጥራል፤ ኢንዛይሙም ረጃጅሙን የስታርች ሰንሰለት ይቆራርጠዋል። ወፍራም ገንፎ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ቢጨመርበት በደቂቃዎች ውስጥ ዱቄቱ ሳይቀንስ ቀጥኖ ይፈስሳል። ከዚያ ጀርሙ እንዲሞት ደግሞ መፍላት አለበት። ታንዛኒያ ውስጥ በ1980ዎቹ ይህ ተጠንቶ በመንደር ተሞክሯል። ጋምቤላ ውስጥም ከማሽላ ጠላ የሚጠምቁ ሴቶች ብቅል ማብቀሉን ከማንም በላይ ያውቁታል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የማሽላ ቡቃያና ሥር ሳይናይድ የሚሰጥ ንጥረ ነገር አለው። ደርቆ፣ ቡቃያውና ሥሩ ታሽቶ ተወግዶ ነው የሚፈጨው።

ይህን ሁሉ እያወቅን የጋምቤላ ካምፖች ውስጥ ያለው ነገር ግን በኢንዛይም አይፈታም። ስደተኛ እናት የምትቀበለው እህል ብዙውን ጊዜ ያልተፈጨ ነው። ለወፍጮ ቤት የምትከፍለው ገንዘብ ስለሌላት ከእህሉ ላይ ቀንሳ ትሸጣለች። ለሕፃኑ የተሰጠው ወተት ያለው ዱቄት ደግሞ ቤት ሲገባ የሕፃኑ ብቻ ሆኖ አይቆይም፤ አምስትና ስድስት የተራቡ ወንድምና እህት አጠገቡ ተቀምጠዋል፤ የቷ እናት ናት ለአንዱ ብቻ የምታጎርስ? በሰኔ 2023 የምግብ እርዳታ ለሌሎች ተሸጠ ተብሎ በመላ አገሪቱ ለስደተኞችም ጭምር ሲቋረጥ፣ እስኪመለስ እስከ ጥቅምት ድረስ አራት ወር ያህል ፈጀ። ያን ሰኔ ስድስት ወር የሞላው ሕፃን እርዳታው ሲመለስ አሥረኛ ወሩን ይዞ ነበር።