የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የእንግሊዞች ቡድን

የሰው ሥራ ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ በእንግድነት መጥቶ በእንግድነት የሚያልፍ ነው፤ ሁለተኛው በአገሩ መሬት ሥር ሰድዶ የሚኖር ነው። ይህም ነገር በመንግሥታት ታሪክ ብቻ ሳይሆን በእግር ኳስ ጨዋታ ታሪክ ደግሞ ይታያል።

በደሴ ፒያሳ የሚመላለስ ሰው የሰፈሩ ስም የኢጣሊያ ዘመን ቅሬታ መሆኑን ያውቃል። ደሴ ግን ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ከኢጣሊያ እጅ ወጣች፤ የገቡባትም ከእንግሊዝ ወገን የተሰለፉት የደቡብ አፍሪቃ ወታደሮችና አርበኞቻችን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል ውል ተፈረመ፤ በዚሁም ጊዜ የኢትዮጵያን ሠራዊት የሚያሠለጥን የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን በአዲስ አበባ ተቀመጠ።

የሚሲዮኑ ሰዎች የእግር ኳስ ቡድን ነበራቸው፤ ስሙም ከሚሲዮኑ ስም በአራት ፊደል ተውጣጥቶ «ቢ.ኤም.ኤም.ኢ.» ይባል ነበር። በ1936 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር በተደረገ ጊዜ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ እነርሱም የኢጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፥ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፥ የአርመኖቹ አራራት፥ የእንግሊዞቹ ቢ.ኤም.ኤም.ኢ.፥ የኢትዮጵያውያኑም ቅዱስ ጊዮርጊስ ናቸው። በኢትዮጵያ ዋና ከተማ፥ ከአምስቱ የአገሩ ልጆች ቡድን አንድ ብቻ ነበረ። ዋንጫውንም እንግሊዞቹ ወሰዱት።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን በ1928 ዓ.ም. በአራዳ፥ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ የተመሠረተ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪያ ውቤ ሰፈር» ተባለ፤ ነጻነት ሲመለስ የሰማዕቱን ስም መልሶ ያዘ። በ1942 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የሻምፒዮና ዋንጫ አገኘ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ሻምፒዮና በመሆን የሚተካከለው የለም።

የእንግሊዝ ሚሲዮን እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። ቡድኑም ከውድድር ሜዳ ጠፋ፤ የወታደር ቤት በትእዛዝ ይመጣል፥ በትእዛዝም ይሄዳልና። አባት ለልጁ የሚያወርሰው፥ ሰፈር የኔ የሚለው አልነበረም።

ስለዚህ እንግዳው አይናቅ፤ በሥርዐት ተወዳድሮ በሥርዐት አሸንፏልና ስሙ በመዝገብ ራስ ላይ ተጽፎ ይኖራል። ነገር ግን በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ለወጣቶች ማኅበር የሚያቆም ሁሉ ይህን ያስተውል፤ ዋንጫ በአንድ ዓመት ይገኛል፥ ማኅበር ግን የሚጸናው ሕዝቡ እንደ ልጁ ሲያሳድገው ነው።