ሳጥኔ የት ገባ?

ጂራ የሚባለው የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ለአስተዳዳሪዎች ያዘጋጀው አንድ አገልግሎት አለ። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሳጥኔ የት ነው?» እንደማለት ነው። አስተዳዳሪው በቅጹ ላይ አዲስ የሚሞላ ሳጥን ይጨምራል፣ ስም ይሰጠዋል፣ ያስቀምጣል። ተመልሶ ቅጹን ሲከፍት ሳጥኑ የለም። ያኔ ይህን አገልግሎት ጠርቶ ሶፍትዌሩን ራሱን ይጠይቃል፤ ሶፍትዌሩም ሳጥኑ ለምን እንዳልታየ ምክንያቱን ይነግረዋል። ቤት ሠርቶ፣ በሩ የት እንዳለ የሚጠቁም ሰው ጨምሮ እንደማስረከብ ነው። ኩባንያው ግን ሞኝ አልነበረም። እዚህ የደረሰው ደንበኞቹ ለዓመታት የለመኑትን ሁሉ እየሰጠ ነው።

ነገሩ የባለሙያዎች ጣጣ ብቻ ይመስላል። አይደለም። ሶፍትዌር የሚሠሩ ድርጅቶች እያንዳንዱን ሥራና እያንዳንዱን ብልሽት በአንድ ቅጽ ላይ ይመዘግባሉ፤ ቲኬት ይሉታል። ማን እንደያዘው፣ ምን ያህል አጣዳፊ እንደሆነ፣ የት ደረጃ እንደደረሰ የሚሞላባቸው ሳጥኖች አሉት። ቲኬቱ በተሳሳተ ሳጥን ምክንያት ከዝርዝሩ ከወጣ ብልሽቱ በቦታው አለ፤ የሚያየው ሰው ግን የለም። ሰዎች ገንዘባቸውን፣ የሕክምና መዝገባቸውንና የጉዞ ትኬታቸውን ለሶፍትዌር በሰጡበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ማርክ ሁለት ኮምፒውተር ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ሞታ የተገኘችበትን ታሪክ ብዙ ሰው ሰምቶታል። «ባግ» የሚለው የብልሽት ስያሜ ከእሷ መጣ ይባላል፤ እርግጥ ቃሉን መሐንዲሶች ከኤዲሰን ዘመን ጀምሮ ይጠቀሙበት ነበር። ስለ እራቷ ብዙ ተወራ፤ ስለ ደብተሩ ግን ብዙም አልተነገረም። ሠራተኞቹ ሰዓቱን ጻፉ፣ የተገኘችበትን ቦታ ጻፉ፣ ራሷን እራቷን በማጣበቂያ ገጹ ላይ ለጠፉ። ደብተሩ ዛሬ በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ አለ። «የሞተ ነፍሳት የሚለጠፍበት» የሚል ሳጥን አልነበረውም፤ አላስፈለገውምም። ባዶ ወረቀት ፈቃድ አይጠይቅም።

ወረቀቱ ሳጥን ያበቀለው አንባቢው ሲበዛ ነው። አምስት ሰዎች አንድ ደብተር ሲያነቡ ይግባባሉ። አምስት ሺህ ሰዎች ሲሆኑ ግን ተመሳሳይ ነገር በተመሳሳይ ቃል መጻፍ አለበት፤ አለዚያ መፈለግም መቁጠርም አይቻልም። ኔትስኬፕ የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በ1998 የአሳሹን ምንጭ ኮድ ለዓለም ሲለቅ፣ ቴሪ ዊስማን የተባለ መሐንዲስ የጻፈው ባግዚላም አብሮ አደባባይ ወጣ። ከዚያ በፊት የድርጅቱን የውስጥ መከታተያ ለመተካት የተሠራ መሣሪያ ነበር። ሳጥኖቹ የኔትስኬፕ ነበሩ፦ በየትኛው ኮምፒውተር ላይ ነው? በየትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም? ለአሳሽ ሠሪ ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። ባግዚላን የወሰዱ ሌሎች ድርጅቶች ግን የሌላ ሰው ቤት ጥያቄዎችን መመለስ ያዙ። የአያቱን ስም «የቤተሰብ ስም» በሚል ሳጥን ውስጥ ለመጻፍ የተገደደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል።

አዲስ ሳጥን የፈለገ ድርጅት የፐርል ኮዱን ራሱ ከፍቶ መቀየር ነበረበት። ቀጣዩ የባግዚላ ዕትም ሲወጣ የገዛ ለውጡና አዲሱ ኮድ ይጋጫሉ፤ ወይ ማሻሻያውን ይተዋል፣ ወይ ሳጥኑን ያጣል። አቅም የሌለው ደግሞ ሌላ መንገድ አገኘ። ባግዚላ ውስጥ ማንኛውንም ነገር መጻፍ የሚቻልበት አንድ ነፃ ቦታ ነበረ፤ «ነጭ ሰሌዳ» ይሉታል። ሰዎች የሚፈልጉትን ሳጥን በዚያ ላይ በቅንፍ ፈጠሩት። ሞዚላ ራሱ የደህንነት ቀዳዳዎችን ክብደት ለዓመታት በዚህ ሰሌዳ ላይ በአጫጭር ምልክት ይጽፍ ነበር። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት አሳሽ የትኛው ቀዳዳ አደገኛ እንደሆነ የሚታወቀው በእጅ በተጻፈ ቅንፍ ነበር ማለት ነው። በእጅ የሚጻፍ ነገር ደግሞ ፊደል ይሳሳታል፤ ፊደል የተሳሳተ ምልክት በፍለጋ አይገኝም።

ሳጥን መጨመር ያለ ኮድ የተቻለው በ2007 በወጣው ባግዚላ 3.0 ነው። አንድ ቲኬት የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች መቀየር ደግሞ በቀጣዩ ዓመት በ3.2 መጣ። ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ ረጅም ነው። በዚያ መሃል ሌላ ሰው ገበያውን ወስዶት ነበር።

በ2002 ማይክ ካነን ብሩክስ እና ስኮት ፋርኳር የተባሉ ሁለት ወጣቶች አውስትራሊያ ውስጥ አትላሲያን የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። ምርታቸውን ጂራ አሉት፤ ጃፓኖች ጎድዚላን ከሚጠሩበት «ጎጂራ» ከሚለው ስም ቆርጠው፣ ባግዚላን ለመቀለድ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ቅጹ እንደ ደንበኛው ይሁን። ሆነም። የሒሳብ ክፍሉም፣ የሰው ኃይሉም፣ የሕግ ክፍሉም በጂራ መሥራት ጀመሩ። ለዚህ ሁሉ ሰው የሚበቃ ነፃነት ግን በንብርብር ነው የሚሠራው። አንድ ሳጥን ሲፈጠር ለየትኛው ፕሮጀክትና ለየትኛው የሥራ ዓይነት እንደሆነ አንድ ቦታ ይወሰናል። ቲኬት ሲከፈት፣ ሲታረምና ሲታይ የሚቀርቡት ገጾች የተለያዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ በእያንዳንዱ ላይ መቀመጡ ሌላ ቦታ ይወሰናል። ግዴታ ነው ወይስ ድብቅ የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ቦታ። ከሦስቱ አንዱ «አይሆንም» ካለ ሳጥኑ አይታይም። ሳጥኑን የሚያፈላልገው አገልግሎት የተፈጠረው ለዚህ ነው።

የጠፋ ሳጥን ግን ቢያንስ መጥፋቱ ይታወቃል። የባሰው ሳጥኑ እያለ የሚዋሸው ነው።

ጂራ ውስጥ «እልባት» የሚባል ሳጥን አለ። ቲኬቱ ሲያልቅ እንዴት እንዳለቀ ይጻፍበታል፦ ተሠርቷል፣ አይሠራም፣ ድጋሚ የቀረበ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ጂራ አንድ ቲኬት እልባት ማግኘቱን የሚያውቀው ከደረጃው ስም ሳይሆን ይህ ሳጥን ባዶ መሆን አለመሆኑን አይቶ ነው። ባዶ ከሆነ ክፍት ነው፤ ማንኛውም ነገር ከተጻፈበት አልቋል። አሁን አንድ ትጉህ አስተዳዳሪ አስቡ። ቅጹ የተሟላ እንዲሆን ብሎ እልባትን ቲኬት በሚከፈትበት ገጽ ላይ ያስቀምጣል። ገና ያልተጀመረ ሥራ ምን እልባት ይኖረዋል? ይህንንም አስቦበታል፤ ከምርጫዎቹ መሃል «እልባት አላገኘም» የሚል ይጨምራል። ሠራተኛው አዲስ ብልሽት ሲያስመዘግብ ያንን ይመርጣል። ሳጥኑ ባዶ አይደለም፤ ስለዚህ ለጂራ ጉዳዩ አልቋል። የቲኬቱ ቁጥር መሃል ለመሃል ይሰረዛል፣ ካልተፈቱት ዝርዝር ይወጣል፣ በወሩ ሪፖርት ላይ ከተፈቱት ጋር ይቆጠራል። «እልባት አላገኘም» የሚለው ቃል እልባት ሆነ።

ይህ ስህተት ከመለመዱ የተነሳ አትላሲያን በመመሪያው ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ እንዳይፈጠር ያስጠነቅቃል። አስተዳዳሪው ግን ሞኝነት አልሠራም፤ ቃሉን እንደ ሰው ነው ያነበበው። ኃላፊው ደግሞ ሪፖርቱ ስላማረለት ለምን ብሎ አይጠይቅም። የሚጮኸው ብልሽቱን ያስመዘገበው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ቅጹን ለመቀየር ሥልጣን የለውም። ለመጠገን ምርጫውን መሰረዝ ብቻ አይበቃም። ሳጥኑ ከመክፈቻው ገጽ ይነሳል፤ ቲኬት ሲዘጋ እልባቱ እንዲሞላ፣ እንደገና ሲከፈት እንዲጸዳ ሥርዓቱ ይታዘዛል። ከዚያ አስቀድመው የተሰረዙት የድሮ ቲኬቶች በጅምላ አንድ ደረጃ እንዲያልፉ እየተደረገ ሳጥናቸው ባዶ ይደረጋል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው ሁሌ የሚረሳው። ደንብ ሲቀየር የነገው ቲኬት ይስተካከላል፤ የትናንቱ እንደተሰረዘ ይቀራል።

ማይክሮሶፍት የትናንቱን ጣጣ በሌላ በኩል ቀመሰው። በ2006 ለገበያ ያቀረበው ቲም ፋውንዴሽን ሰርቨር የቲኬቱን ቅጽ፣ ደረጃዎችና ደንቦች ሁሉ በኤክስኤምኤል ፋይል እንዲጻፉ አደረገ። ባለሙያው ፋይሉን ያወርዳል፣ ያርማል፣ መልሶ ይጭናል። አንድ ደረጃ ከፋይሉ ከተሰረዘ በዚያ ደረጃ ላይ የነበሩት ቲኬቶች አገር እንደሌለው ሰው ይሆናሉ፤ የሌለ ደረጃ ላይ ናቸው፣ ሲከፈቱ ስህተት ያሳያሉ፣ ወደሚታወቅ ደረጃ ካልተዛወሩ ለውጥ አይቀበሉም። አንዱ ደንብ «ይህ ሳጥን ግዴታ ነው» ሲል፣ ሌላው ደግሞ ባዶ ሳለ «አይነካም» ሲል፣ ሠራተኛው በሁለቱ መሃል ቆሞ ምንም ማስቀመጥ አይችልም። ሳጥኖቹ የጋራም ነበሩ፦ አንድ ቡድን «ክብደት»ን በጽሑፍ ከፈጠረው፣ ሌላው ያንኑ ሳጥን በቁጥር ላድርገው ቢል አይቀበለውም። ቀድሞ የመጣ ለሁሉም ወስኗል።

ኩባንያው አገልግሎቱን ወደ ደመና ሲያዛውር ነገሩን ቆረጠው። መጀመሪያ ላይ የደመናው ደንበኛ ቅጹን መቀየር ጭራሽ አይችልም ነበር። ቅሬታው በዛ። መልሱ ውርስ የሚባል መንገድ ሆነ፦ መሠረታዊው ቅጽ ይቆለፋል፣ ደንበኛው ከእሱ የተወለደ ልጅ ቅጽ ይይዛል፤ በልጁ ላይ ይጨምራል፣ አባቱን ግን አይነካም። ብዙ የድሮ ስህተት በዚህ ቀረ። ከኤክስኤምኤሉ ነፃነትም አብሮ የቀረ አለ።

አትላሲያን በ2018 በተቃራኒው ሄደ። የማዕከሉ አስተዳዳሪ ወረፋ የሰለቸው ቡድን የራሱን ሳጥን ራሱ የሚፈጥርበትን ፕሮጀክት አመጣ፤ ኋላ «በቡድን የሚመራ» ተባለ። ከማዕከል ነው ወይስ ከየአካባቢው የሚለው ክርክር እኛ አገር ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይመልከት። ቡድኖቹ ደስ አላቸው። አንዱ «የደንበኛ ስም» የሚል ሳጥን ፈጠረ፣ ሁለተኛውም ፈጠረ፣ ሦስተኛውም። እያንዳንዱ ሳጥን የየፕሮጀክቱ ብቻ ነው። የሦስቱን ሥራ በአንድ ሪፖርት ማየት የፈለገ ኃላፊ መፈለጊያውን ከፍቶ «የደንበኛ ስም» ብሎ ሲጽፍ፣ ስማቸው አንድ የሆነ ሦስት ሳጥኖች ተደርድረው ይጠብቁታል። ይህን ጊዜ አንዳቸውም አልጠፉም።