ለቫን ውኃ ፓምፕ የትኛው ባትሪ?

በቫን ውኃ ጭኖ መኪና ለሚያጥብ ሰው ባትሪው ሲሞት የዕለት ገቢው ይሞታል፡፡ ብዙዎች የሚገዙት ግን የመኪና ማስነሻ ባትሪ ነው፡፡ እሱ የተሠራው ሞተሪኖን ለጥቂት ሰከንዶች ለማዞር እንጂ ሰዓታት ሙሉ ፓምፕ ለመግፋት አይደለም፡፡ ሻጩን ‹‹ዲፕ ሳይክል›› ብላችሁ ጠይቁ፡፡

7 አምፔር የሚስብ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ 35 አምፔር ሰዓት ይበላል፡፡ የሊድ አሲድ ባትሪ በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ከ70 ያነሰ አትግዙ፤ እኔ ብሆን 100 እገዛለሁ፡፡

በአጭር የከተማ ጉዞ ዲናሞው አይሞላውም፡፡ ጎድሎ የከረመ ባትሪ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት ይጋገርበታልና ማታ ማታ አየር በሚገባበት ቦታ ቻርጀር ላይ ይደር፡፡

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል (ሻጮች ይህን አይነግሯችሁም)፡፡ ሱቁ ውስጥ በቴስተር አስለኩት፤ ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፡፡