ሰባቱ እልልታ

በእኛ አገር፣ በይፋግ አካባቢ፣ ወንድ ልጅ ሲወለድ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል። የአክስቴ ልጅ ያን እልልታ እንዳልሰማ ያወቅነው ግን አራት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እየተባለ ጠበል ተጠመቀ፤ ስለት ተሳልንለት። ወላጆቹ ቸል ብለው አይደለም። ልጁ በሕፃንነቱ እንደ እኩዮቹ «አጉ» ይል ነበር፤ ሲስቁለት ይስቃል፤ በር ሲከፈት ብርሃኑን አይቶ ዞር ይላል። የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ያወጣል። ሰውን የሚያታልለው ይኸው ነው።

ይፋግ ዱሮ የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዓመት የሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን እየነዳ ያርፍባት ነበር። በዚያ ሁሉ የገበያ ጫጫታ መካከል ምንም የማይሰሙ ልጆችም ሳይኖሩ አልቀሩም፤ ታሪክ ግን የነጋዴውን እንጂ የእነርሱን ነገር አልጻፈም። የተረፈላቸው ቃል «ደንቆሮ» ነው፤ የማይሰማውንም አላዋቂውንም በአንድ ስም የሚጠራ ቃል። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» እንላለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 340 ራሳቸውን መምራት ያልቻሉ መስማትና መናገር የተሳናቸው ሰዎች ለአእምሮ ሕሙማን በተሰጠው ጥበቃ እንዲጠቀሙ ፈቀደ። ሐሳቡ ለጥበቃ ነበር፤ ጎረቤትነቱ ግን ከተረቱ ብዙም አልራቀም።

ይህን አስተሳሰብ መናድ የጀመረው ትምህርት ቤት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ላይ መስማት የተሳናቸውን ማስተማር ጀመሩ። በ1963 ዓ.ም አካባቢ ደግሞ መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቋሙ። የአማርኛው የጣት ፊደል የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ለእያንዳንዱ ግዕዝ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። የኔታ በቃል የሚያስቆጥሩት ሀሁ በእጅ ተቆጠረ ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ተረሳ። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታትስ? የአክስቴ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። «ነገ» እና «ትናንት» የሚለውን እንኳ የሚገልጽበት ቋንቋ አልነበረውም። ፊደል ሊማር ሄዶ መጀመሪያ ቋንቋ መማር ነበረበት።

እነዚህ ዓመታት ምን ያህል ውድ እንደሆኑ ዓለም ራሱ የተረዳው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዴቪድ ኬምፕ የተባለው እንግሊዛዊ ጤነኛ ጆሮ ድምፅ ከመቀበል አልፎ ራሱም ስስ ድምፅ እንደሚያወጣ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተኛን ሕፃን ጆሮ በትንሽ መሣሪያ በደቂቃዎች ውስጥ መመርመር ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የተደረገ ጥናት ደግሞ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ተለይተው የተረዱ ሕፃናት በቋንቋ ዘግይተው ከተለዩት በእጅጉ እንደሚሻሉ አረጋገጠ። ደንቡም ቀላል ሆነ፤ በአንድ ወር የመጀመሪያ ምርመራ፣ በሦስት ወር ማረጋገጫ፣ በስድስት ወር ድጋፍ። ድጋፉ የመስሚያ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ምልክት ቋንቋ የምታውቅ እናትም ልትሆን ትችላለች።

ይህ ለእኛ አይሆንም የሚል ሰው የጎንደርን ታሪክ ያስታውስ። በ1945 ዓ.ም ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ከፈጃት በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ዓላማው የጤና ባለሙያ በሽተኛ እስኪመጣለት ሳይጠብቅ ወደ መንደር እንዲወጣ ነበር። ከ1995 ዓ.ም ወዲህ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የዚያው ሐሳብ ልጆች ናቸው። ሕፃን በአርባ አምስት ቀኑ ለክትባት ይወሰዳል። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ሁለቱም ቀኖች ሦስት ወር ሳይሞላ ያልፋሉ። ቀጠሮውማ ከጥንትም ነበረን፤ የጎደለው ጥያቄው ነው። ከኩፍኝ፣ ከማጅራት ገትር ወይም ከከባድ የወፍ በሽታ ለተነሣ ሕፃንማ ጥያቄው ግዴታ ሊሆን ይገባል።

የአክስቴ ልጅ ዛሬ የልጅ አባት ነው። ሴት ልጁ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ሴቶቹ እልል ሲሉ እርሱ የሚያየው የሕፃኗን ዓይን ነበር። ወደ እኔ ዞረና በእጁ «ደነገጠች?» ሲል ጠየቀኝ።

ደንግጣለች። እርሱ ግን በዚያ አልረካም፤ መደንገጥ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ያውቃልና በሳምንቱ ይዟት ለምርመራ ሄደ። በእርሱ ጊዜ ያንን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም።