መንተባተብና የንግግር ምት

የሚንተባተብ ሕፃን ሲዘፍን ወይም ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ድምፅ ሲያነብብ አብዛኛውን ጊዜ አንደበቱ ይፈታል። ቃሉን ያውቀዋል፤ ከንፈሩና ምላሱም ጤነኞች ናቸው። የሚሰናከለው አንዱ ድምፅ ለሌላው ቦታ በሚለቅበት ቅጽበት ላይ ነው። ይህን ያስተዋሉ ሰዎች ምቱን ከውጭ ሊሰጡት መሞከር ከጀመሩ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ማልዜል ሜትሮኖም የተባለውን የሙዚቃ ምት መቁጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1815 ካስመዘገበ ብዙም ሳይቆይ፣ ኮሎምባ ደ ሊዜር የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ይህንኑ የመሰለ መሣሪያ ለንግግር ሕክምና አዘጋጀ። ታካሚው በእያንዳንዱ ምት አንድ ቀለም፣ ማለትም በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚሰበሰብ የቃል ክፍል፣ እንዲያሰማ ይደረግ ነበር። በ1963 ደግሞ ሜየርና ሜር የተባሉ ተመራማሪዎች ምቱን እንደ መስሚያ መሣሪያ ከጆሮ ጋር በሚያያዝ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ አቀረቡት።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የበርናርድ ሊ ግኝት ነው። ሊ በ1950 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው የገዛ ድምፁን በሰከንድ ሁለት አሥረኛ ያህል ዘግይቶ እንዲሰማ ሲደረግ ይንተባተባል። ከዚያም ወዲህ እንደታየው ይኸው መዘግየት ብዙ ተንተባታቢዎችን በተቃራኒው ይረዳቸዋል። መሐንዲስ በዚህ ውስጥ የለመደውን የግብረ መልስ ጥያቄ ሳያይ አያልፍም።

መሣሪያዎቹ ውጤት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ምቱ ሲቋረጥ መንተባተቡ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ በክፍል ውስጥ እንደ ሰዓት እየቆጠረ የሚመልስ ልጅም ከመንተባተቡ ይልቅ በአነጋገሩ ሊሳቅበት ይችላል። በአውስትራሊያ ለትናንሽ ሕፃናት የተዘጋጀው የዌስትሚድ ዘዴ መሣሪያውን ፈጽሞ የተወው ያለ ምክንያት አይመስልም። ወላጅና ልጅ በየቀኑ ደጋግመው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ከተለመደው ፍጥነት ብዙም ሳይርቁ፣ ቀለም በቀለም ይነጋገራሉ፤ በቀረው ጊዜ ልጁ እንዳሻው ይናገራል።

ዘዴውን በአማርኛ ሊሞክር የሚነሣ ባለሙያ ከፊደላችን የተነሣ እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። «ሰላም» በጽሑፍ ሦስት ፊደል ቢሆንም በአፍ ሁለት ቀለም ነው፤ «ልብስ»ም ሦስት ፊደል ሲሆን ቀለሙ አንድ ብቻ ነው። ፊደል እየቆጠረ የሚያስጨበጭብ አስተማሪ ልጁን ቋንቋው በማያውቀው ምት ያስኬደዋል።