የባልቻ ጦርና የሲዳሞ ገባር

የካቲት 23 የዓድዋ ድል በዓል ነው። በሁለት ቀን ልዩነት የሚውለው የካቲት 25 ደግሞ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀበት ቀን ነው። የመጀመሪያውን በአደባባይ እናከብረዋለን፤ ሁለተኛውን ብዙዎቻችን ሳናነሳው ያልፋል። ልደታ ላይ ሆስፒታል በስማቸው የሚጠራላቸው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ግን የሁለቱም ቀን ታሪክ ሰው ናቸው።

የዓድዋውን ባልቻ አንባቢ ያውቃቸዋል። በልጅነታቸው ተማርከው በምኒልክ ቤት አደጉ፣ በጅሮንድ ሆነው በመድፍ ተዋጉ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ ተባሉ። በ1929 ዓ.ም. አርጅተው ሳለ ከፋሽስት ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ክብራቸውን የሚቀንስ ቃል የለኝም።

የሲዳሞው ባልቻ ግን ብዙ አይወሳም። ሐገረ ሰላምን መቀመጫቸው አድርገው ለረጅም ዘመን ገዙ። በዚያ ሥርዓት ወታደሩ የሚኖረው በደመወዝ ሳይሆን በተመራለት ገባር ነበር። ገባሩ ግብር ይከፍላል፣ ማር ያገባል፣ እህል ያስፈጫል፣ አጥር ያጥራል፣ ስንቅ ይሸከማል። በደቡብ ብዙ ቦታ መሬት በቃላድ ሲለካ ሢሶው ለባላባቱ ቀርቶ የተረፈውን መንግሥት ወሰደው፤ አያቶቹ ያቀኑትን እርሻ የሚያርስ ሰው በገዛ ቀዬው ጭሰኛ ሆነ።

የሚያከራክረው የ1920 ዓ.ም. ነገር ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ስለ ሲዳሞ ገቢ ጠርተዋቸው ባልቻ ዘገዩ፤ በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ጦር አስከትለው መጥተው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ሰፈሩ። ቤተ መንግሥት ግብዣ ተጠርተው ሲበሉና ሲጠጡ የተፈሪ ወገን የነበሩት ራስ ካሣ ወደ ጦሩ ሰፈር ሄዱ። ባልቻ ሲመለሱ ጦሩ ተበትኗል። ሲዳሞ ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ፤ ባልቻም ከእስር በኋላ ወደ ገዳም ገቡ።

አንዳንዱ ጦሩ በብር ተገዛ ይላል። ሌላው የተፈሪን ብልሃት ያደንቃል። ብሩም ብልሃቱም ሳይኖሩ አልቀሩም፤ ለእኔ ግን ይበልጥ የሚያሳምነኝ የገባሩ ነገር ነው። ወታደሩ ገባሩን የያዘው በሹሙ በኩል ነው። ሹሙ ሲሻር አዲሱ ሹም ገባሩን ለሌላ ሊመራ ይችላል። ሚስቱና ጎተራው ሲዳሞ ላሉት ሰው፣ ከተሻረ ጌታ ጋር መቆም መተዳደሪያውን ማጣት ነው። ጦሩን የበተነው ያ ሥጋት ይመስለኛል።

ገባሩ ራሱስ? በዚህ ትረካ ውስጥ የሚታየው ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ ብቻ ነው። ባልቻ ሄዱ፣ ብሩ መጡ፤ ቡናውና እንሰቱ ግን በዚያው እጅ ተተከለ፣ በዚያው ትከሻ ተጓጓዘ። ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግ የገባርን አገልግሎት ቢያስቀርም የመሬቱ ባለቤትነት ባለበት ቆየ። ለዚህ ነው ተማሪዎቹ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ የወጡት፤ ለዚህም ነው የ1967ቱ አዋጅ ያን ያህል የተጨፈረለት።

ሐገረ ሰላም የሚገኝበት ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ክልልነትን መረጠ። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጸድቋል። ስለ ዕርቅ ይህን ያህል በሚወራበት ጊዜ ባልቻን በጀግንነታቸው ብቻ ወይም በአገዛዛቸው ብቻ የሚያስቡ ወገኖች ለየብቻ መነጋገራቸውን ቢተዉ ደስ ይለኛል። ሲዳማ ሽማግሌ አስቀምጦ ነገርን እስከ ሥሩ የሚሰማበት አፊኒ የሚባል ሥርዓት አለው። በልጆቻችን የታሪክ መጽሐፍ ውስጥም ከዓድዋው መድፈኛ ቀጥሎ የሐገረ ሰላሙ ገባር በእኩል ገጽ ይጻፍ፤ የሚጽፉትም የገባሩ የልጅ ልጆች ይኑሩበት።