ሜድጃኪንግ፦ የሕክምና መሣሪያ ጠለፋ

«ሜድጃኪንግ» እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በሳይበር ደኅንነት ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ቃል ነው። በአማርኛ «የሕክምና መሣሪያ ጠለፋ» ቢባል ይገልጸዋል፤ ድረ ገጽ ወይም የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ በሌላ እጅ ሲገባ «ተጠለፈ» እንላለንና። እዚህ የሚጠለፈው በሆስፒታል ያለ ወይም በታማሚው ገላ ውስጥ የተተከለ መሣሪያ ነው።

ፔስሜከርን እንውሰድ። ከደረት ቆዳ ሥር ተቀብሮ፣ የልብ ምት ሲዘገይ በቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ እየላከ ያስተካክላል። ሐኪሙ ዳግም ቀዶ ጥገና ሳያደርግ በሬዲዮ ሞገድ አሠራሩን ይለውጣል። መሣሪያው ግን ያዘዘው ማን እንደሆነ በሚገባ ካላጣራ፣ በቅርብ ርቀት ያለ ጠላፊም ባትሪውን ሊጨርስበት ወይም ምቱን ሊያዛባ ይችላል።

የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን መሰል ጠለፋ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤተ ሙከራ አሳይተዋል። በወቅቱ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት የዲክ ቼኒ ሐኪምም እ.ኤ.አ. በ2007 የልብ መሣሪያቸውን ገመድ አልባ ግንኙነት አስዘግተው ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ደግሞ በአሜሪካ ለ465,000 ያህል የአቦት ኩባንያ ፔስሜከሮች የሶፍትዌር ማስተካከያ ወጣላቸው። በወቅቱ ተጠልፎ የተጎዳ ታማሚ አልታወቀም። ማስተካከያው 3 ደቂቃ ያህል ቢፈጅም ታማሚው የግድ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነበረበት።

መቐለን የሚመለከተው ይኸው ሐኪም ዘንድ የመቅረብ ግዴታ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጡ፤ ባንክና በረራም ቆሙ፤ የከተማዋ ዓይደር ሆስፒታል ለኩላሊት እጥበት የሚሆን ግብዓት እስከማጣት ደረሰ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጠላፊም የሚርቅ ሊመስል ይችላል። ፔስሜከር ግን ትእዛዝ የሚቀበለው በራሱ ሬዲዮ በመሆኑ ክፍተቱ እንዳለ ይቆያል፤ የሚቀረው ማስጠንቀቂያውና ማስተካከያው ነው። ስለዚህ ታማሚውን ከሐኪሙ ጋር የሚያገናኘው መስመር ራሱ የደኅንነቱ አካል ነው።

የኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት የገባን ሰው ይቀጣል፤ ክፍተቱን ግን አይደፍንም። ክፍተቱን መድፈን የአምራቹ፣ የተቆጣጣሪው ባለሥልጣንና የሆስፒታሉ ሥራ ነው። ሆስፒታል መሣሪያውን ለማን እንደተከለ፣ ከነሞዴሉና መለያ ቁጥሩ፣ መብራትና ኔትወርክ ቢጠፋም በሚገኝ መዝገብ ሊይዝ ይገባል። ታማሚውም የመሣሪያውን ካርድ ከእጁ አይለይ፤ በየቀጠሮው «ማስተካከያ ወጥቶለታል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሐኪም ፔስሜከር ያስፈልግሃል ካለው ግን ጠለፋን ፈርቶ አይተወው፤ የታመመ ልብ ያለ እርዳታ መቅረቱ ከጠለፋው ይልቅ የቀረበ አደጋ ነው።